አባቴ ያመሰገናት መኪና

ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና ልገዛ ነው ብዬ አፌን የከፈትኩ ቀን የማውቀው ሰው ሁሉ የራሱን ሥራ ትቶ ገማች ሆነ። በሕይወቱ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ‘ይህን ያህል ካሉሽ ተበላሽ’ ይለኝ ጀመር። ዋጋዋን ገና ለማንም ሳልናገር ነው እንግዲህ።

ነርስ ነኝ። ሸርቆሌ፣ የስደተኞች መጠለያው አጠገብ ያለ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። የምኖረው አሶሳ ቤት ተከራይቼ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ባምባሲ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሁሉም በሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ ‘ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ’ ይባልና ሦስት ሰው ይገባል። የሰው ልጅ ታቅፌያለሁ፣ የሰው ዶሮ ታቅፌያለሁ፣ አንድ ቀን የማላውቀው ሰው የማገዶ ከሰል እግሬ ሥር አስቀምጦብኝ ነጭ ጋወኔ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ጠቁሯል። ስለዚህ መኪና እፈልጋለሁ አልኩ። ለምን ሲሉኝ ‘ለሸርቆሌ ምልልስ’ ነበር መልሴ።

መኪናዋን ያየኋት አሶሳ ከአንድ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ። ከኋላ ወንበር አላት ይባላል እንጂ እግር ያለው ሰው አይቀመጥበትም። ባለቤቷ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሁሉን ነገር በወንድ ይጠራል። ጉባ፣ ግድቡ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት በቅየሳ ሠርቶ፣ ከደሞዙ ባጠራቀመው ከአንድ የውጭ ዜጋ አዲስ አበባ ላይ ገዝቷታል። አሁን የሚሸጣት ጉልበቱ ዝቅ ብሎ መግባትና መውጣቱን እንቢ ስላለው ነው።

‘ይሄ መኪና፣ ሲስተር፣ ሩቅ ለመሄድ ነው የተሠራው’ አለኝ። ‘የሸጠልኝ ሰውዬ ግራንድ ቱሪንግ ነው የሚባለው አለኝ። እሽቅድምድም አይደለም፣ የከተማ አይደለም። ሩቅ አገር፣ ሳይደክምህ። እኔ ጧት አዲስ አበባ ተነሳሁ፣ ማታ አሶሳ ገባሁ። ወገቤ አልታመመም፣ ወላሂ።’

በሩን ከፈተልኝና ገባሁ። ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። የማርሹ እንጨት በብዙ እጅ ተሽቶ ለስልሷል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ልጅ እንደሚጫወት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ የሰው ፒካፕ ለምኜ ካልሆነ ነድቼ አላውቅም ነበር። ልቤ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ስቃዬ የጀመረው፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ዋጋዋን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እንዲህ ያለች መኪና አሶሳ ውስጥ ሌላ የለችም። በማን ትመዘን? መጀመሪያ አንድ ደላላ ጋ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ቤትም መሬትም መኪናም የሚያሻሽጥ ሰው ነው። በር ስንት እንዳላት ጠየቀኝ። ሁለት አልኩት።

‘እንግዲያማ ግማሽ ነው’ አለ።

‘ምኑ?’

‘ዋጋው። ባለ አራት በሯ ይህን ያህል ካወጣች፣ ባለ ሁለት በሯ ግማሹን ነዋ።’

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም። ‘ደግሞ ለሴት አውቶማቲክ ነው’ ብሎ ጨመረበት፤ ‘ማንዋል እግር ያደክማል’። ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ፣ እግሬ ፍሪሲዮን ረግጦ አይደክምም አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። በማግሥቱ ባለቤቱ ኮሚሽን እንደሚሰጠው ሲሰማ ግን ራሱ ደወለልኝ። ‘ሲስተር፣ ያቺ መኪና እኮ ብርቅ ናት! በክልሉ አንድ ናት!’ በአንድ ሌሊት ግማሹ እጥፍ ሆነ። በሯ ግን አልተጨመረም።

አከራዬ ደግሞ ዋጋ አልገመተችም፤ ቀጥታ ወደ ቀጠሮ ገባች። የእህቷ ልጅ በጥር ትዳራለች። ‘ሙሽሪትን በእሷ ነው የምንወስዳት!’ አለችኝ። የሚዜ መቀመጫ የለም ብላት፣ ‘ሚዜ በባጃጅ ይከተል!’ ብላ ዘጋችው። እኔ ገና ያልገዛኋት መኪና ሪባን ታሰረላት። ‘ካልጠገቡ አይዘሉ’ ያለችኝም እሷው ናት፤ እየሳቀች፣ ግን ከልቧ። በዚህ ገንዘብ ሁለት ባጃጅ ገዝተሽ ብታሰማሪ እኮ ተቀምጠሽ ትበዪ ነበር አለችኝ።

መካኒኩ ቢያንስ ከሥሯ ገብቶ አይቷታል። ኮፈኗን ከፍቶ አዳመጠ፣ ዘይቱን አሸተተ፣ ነድቶ ተመለሰ። ‘ሞተሯ ጤነኛ ነው። ፍሪሲዮኗ ትንሽ ተበልቷል፣ ይቀየራል። ካምቢዮዋ ግን...’ ብሎ አውራ ጣቱን አነሳ። ዋጋዋን ስጠይቀው አላውቅም አለ። የሚታወቅ መኪና ቢሆን በገበያው ይናገር ነበር፤ የይቺን ዋጋ ግን የሚያውቀው የፈለጋት ሰው ነው።

‘ለምን ፈለግሻት?’ አለኝ።

‘ለሸርቆሌ።’

ዞሮ መኪናዋን አያት፣ ከዚያ እኔን። ‘በዚህች? የሸርቆሌን ኮረኮንች? ሆዷን እዚያው ጥለሽው ነው የምትመለሽ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!’

‘የጠየቅኩህ ስለ ሞተሩ ነው’ አልኩት። ለምን እንደዚያ እንደጮህኩበት አልገባኝም። ምስኪን፣ እጁን ጠርጎ ኮፈኗን ዘጋ።

በመጨረሻ አባቴን ጠራሁት። መጀመሪያም እሱን መጥራት ነበረብኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ ላይ ከብት ሲነግድ ነው ያረጀው። ስለ መኪና አንዲት ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ማጣጣል ነው። ሊገዛ የፈለገውን በሬ አመስግኖ አያውቅም። ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጭራውን ያነሳል፤ ከዚያ ፊቱን ያጨማድዳል። ‘ይሄ በሬ ነው እንዴ? እኔስ ጥጃ መስሎኝ።’ ባለበሬው ይናደዳል፣ ይሟገታል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻ ዋጋውን ይጥላል። ልጅ እያለሁ አብሬው ስሄድ ለበሬዎቹ አዝን ነበር።

ስለዚህ ተማከርን። እኔ አፌን እዘጋለሁ፣ እሱ ያጣጥላል፣ ትተን የምንሄድ እንመስላለን፣ ሰውየው ይጠራናል። ‘ዓይንሽን እንኳ እንዳታሳዪው’ አለኝ፤ ‘የገዢ ዓይን ዋጋ ይጨምራል’። እሺ አልኩ።

ግቢው ስንደርስ አባቴ ዱላውን ይዞ መኪናዋን ዞራት። ጎማዋን በዱላው ነካ ነካ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ከፊት ሲያያት ጥርሷን የሚያይ መሰለኝና ሳቄን ዋጥኩ። ባለቤቱ ‘ሐጅ’ ይለዋል፤ አባቴ መካን ባያውቃትም ሽበት ላለው ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው። ‘ሐጅ፣ ተቀመጥ፣ እንሞክረው’ አለው። አባቴ ከፊት ገባ፤ ባለቤቱ ከኋላ፣ ያን የታመመ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ። እኔ ነዳሁ።

ከከተማው ወጥተን የባምባሲ አስፋልት ላይ ወጣን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛ ሳስገባ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መንገዱ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ማንም ጠጋ በይ አላለኝም። እግሬ ሥር ከሰል የለም። ዓይኔን እንዳላሳይ የመከረኝን ረሳሁት። ስቄ ኖሯል፤ ያወቅሁት አባቴ መንገዱን ትቶ እኔን ሲያይ ሳገኘው ነው።

‘ይቺ እስከ የት ትሄዳለች?’ አለ ድንገት፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

‘አዲስ አበባ በል፣ ባሕር ዳር በል፣ ሐዋሳ በል’ አለ ባለቤቱ ከታጠፈበት፤ ‘ቤንዚን ይኑር እንጂ እሱ አይቆምም።’

አባቴ ሌላ አልጠየቀም።

ተመልሰን ማንጎው ሥር ቆምን። አሁን ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳረፈና ‘ማሻአላህ!’ አለ። ‘ማሻአላህ! እኔ በዘመኔ እንዲህ ያለ ዕቃ አላየሁም።’

የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። ሳልኩ። እግሩን ረገጥኩት። አልተወም። ‘ድምጿ ደግ ነው። አካሄዷ ደግ ነው። እኔ ብሆን በሚሊዮን አልሸጣትም። ወንድሜ፣ ምን አግኝተህ ትሸጣታለህ?’

የባለቤቱ ፊት ቀስ እያለ በራ። ዓመት ሙሉ አንዱ ‘ግማሽ’ ሲለው፣ ጎረቤቱ ‘የማይረባ’ ሲለው የኖረ ሰው፣ በአንድ ሽማግሌ አፍ መኪናው ስትከበር ሰማ። ደረቱን ነፋ። ‘ሐጅ እውነት ነው። እኔ ዋጋውን አላውቅም ነበር’ አለ። ከዚያ አዲስ ዋጋ ጠራ። ያጠራቀምኩት ሁሉ ተጨምቆ የማይደርስበት ዋጋ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ‘ይገባታል’ አለ።

ይገባታል!

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ አላናገርኩትም። ጥርሴን ነክሼ በመስኮት ነው የማየው። አረጀ ብዬ አሰብኩ፣ ተደናገረ ብዬ አሰብኩ፤ እልሄ ግን አልበረደም። መንገድ ላይ አንድ የድሮ የከብት ነጋዴ ገባና ሰላም አለው። ‘ዛሬ ምን ገዛህ?’

‘ምንም። አንዲት ቆንጆ አይተን፣ አመስግነን መጣን።’

ሰውየው ሳቀ። ‘ካመሰገንካትማ አልፈለግሃትም!’ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማይገዛውን በሬ ነው የሚያመሰግነው። ‘ምን የመሰለ በሬ’ ብሎ ያልፋል፣ ባለበሬው ይኮራል፣ ዋጋውን ይሰቅላል፣ በሬውም ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቴ አላረጀም፣ አልተደናገረም። በአርባ ዘመን ንግድ የተማረውን በገዛ ልጁ ላይ ሠራበት።

ባምባሲ ወርደን ግቢያችን እስክንገባ ድረስ እንዴት እንደታገስኩ አላውቅም። ለሶላት ሊታጠብ ማሰሮውን ሲያነሳ ፊቱ ቆምኩ።

‘ሆን ብለህ ነው።’

ማሰሮውን ነቅነቅ አድርጎ ውሃውን አየ።

‘ገንዘቡ የኔ ነው’ አልኩ።

‘ያንቺ ነው።’

‘መንጃ ፈቃዱ የኔ ነው።’

‘ያንቺ ነው።’

‘ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ?’

ለአባት የሚባል ቃል አይደለም። ግን ተናግሬዋለሁ።

‘አባትሽ ነኛ’ አለ። ማሰሮውን መልሶ አስቀመጠው። ‘ልጄ፣ ሸርቆሌ በእሷ እንደማትሄጂ እኔ እንኳ መኪና የማላውቀው አውቄዋለሁ። ሆዷ መሬት ይልሳል። አንቺ ትንሽ ልጅ ነሽ እንዴ፣ ይህ የሚጠፋሽ? ታዲያ የት ልትሄጂባት ነው?’

መልስ ነበረኝ። ለደላላው፣ ለአከራዬ፣ ለመካኒኩ የሰጠሁት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ነጥቆኛል።

‘ሚኒባስ የሚያውቀው አሶሳንና ባምባሲን ነው’ አለ። ‘ቅዳሜ ሲሆን ያመጣሻል። ሌላ የሚወስድሽ ቦታ የለውም፤ እኔም ቅዳሜን አውቄ እጠብቃለሁ። ዛሬ ስትነጂ ፊትሽን አየሁት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አላየሁሽም። ወላሂ፣ እኔ ቤት ስቀሽ አታውቂም። ፈራሁ።’

የትም አልሄድም በይ አልኩ ለራሴ። በይ እንጂ። አባትሽ ነው፤ ብቻውን ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እውነቱ ግን ያን አስፋልት ላይ አራተኛ ማርሽ ሳስገባ ባምባሲ ላይ መቆም አልፈለግኩም ነበር። አልፌው መሄድ ነበር የፈለግሁት። የት እንደሆነ ባላውቅም። ይህንን ከኔ በፊት እሱ ማወቁ አበሳጨኝ። በሬ የሚገምት ሰው፣ አንዴ ጎኔ ተቀምጦ፣ እኔ ራሴን የደበቅሁትን አነበበው። በንዴት አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ የሐዘን መስሎት ‘አብሽሪ፣ አብሽሪ’ አለኝ። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሰግዶ ሲጨርስ ደጃፉ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሊቆጣኝ ይችላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብቆጣው፣ ቢቆጣኝ፣ ተጣልተን ቢያልቅ ይሻለኝ ነበር።

‘ዋጋውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ’ አለ። ‘እኔው አስተካክለዋለሁ። ጧት እንመለስ።’

‘ተወው፣ አባዬ።’

‘ማጣጣል እኔ እችልበታለሁ። አንቺ አትችይበትም፤ ዓይንሽ ያስታውቅብሻል።’

በማግሥቱ ተመለስን። ባለቤቱ በደስታ ነው የተቀበለን፤ የሚያመሰግነውን ሰው አግኝቷላ። አባቴ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጀመረ። ጎማዋ አልቋል። ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል። በሯ ሲዘጋ ይጮሃል። የኋላው ወንበር ለድመት ነው የተሠራው።

‘ሐጅ!’ አለ ባለቤቱ፣ ደንግጦ። ‘አንተ ትናንት ማሻአላህ አላልክም?’

‘ትናንት መነጽሬን አልያዝኩም።’

መነጽር የለውም። ኖሮትም አያውቅም። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እወድቅ ነበር። ባለቤቱም ተሟገተ፤ ጎማው እንደሚቀየር፣ በሩ በትንሽ ዘይት ዝም እንደሚል ተናገረ። አባቴ ሁሉንም እየጣለ ኮፈኑ ጋ ደረሰና መዳፉን አሳረፈበት።

‘ረጅም መንገድም አትችልም’ አለ።

ባለቤቱ አሁን ሳቀ። ‘ወላሂ ይችላል! እሱን ብቻ አትበል። ሩቅ ለመሄድ ነው የተሠራው።’

‘አትችልም አልኩህ። ጊምቢ ሳትደርስ ትቆማለች። ልጄን መንገድ ላይ ነው የምትጥላት።’

ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ሌላ እንከን ሊፈልግ ዓይኑን በመኪናዋ ላይ አዞረ፣ አላገኘም። ባለቤቱ መሳቁን ተወ። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

‘ጠይብ፣ እሺ’ አለ በለሆሳስ። ‘ጠይብ፣ ሐጅ። አንተ እንዳልከው።’ ከዚያ መጀመሪያ ለኔ ከጠራውም ያነሰ ዋጋ ጠራ። እጃችንን አጨባበጠን። የስም ማዛወሩ ጣጣ ገና ነበር፤ ‘አባትህን ቤት አድርስ’ ብሎ ግን ቁልፉን እዚያው ሰጠኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ሞተሩን አስነሳሁ። አባቴ ከፊት ለፊቴ ቆሞ እጁ አሁንም ኮፈኑ ላይ ነው። እስኪያነሳው ጠበቅሁት።